አንድ ሰዓት፣ ሁለት አዛዥ

ጎሮ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ልጅ፣ ለሄርሞን ፍትዊ
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ከፍ ስትዪም ዝቅ ስትዪም ጠባቂ መልአክሽ ከክንፍሽ አጠገብ አይታጣ። እኔ ደኅና ነኝ።

በሰባት ዓመቴ ዳዊት ስደግም አንዲት ቃል በመዝለሌ መምህር ዓምደሚካኤል ከማለዳ እስከ ቀትር በአንድ እግሬ አቁመውኛል፤ አላጉረመረምሁም። በዐሥራ ሁለት ዓመቴ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብቼ በሐምሌ ብርድ በባልዲ ውሃ ስታጠብ ኖሬአለሁ፤ እንደ ሌሎቹ አልጮኽሁም። የአንበጣ መድኃኒት ከአውሮፕላን በረጨሁባቸው ዘጠኝ ዓመታት የበላሁት ምሳ ሁሉ መድኃኒት መድኃኒት ይል ነበር፤ አንድም ቀን ሳህን አልመለስሁም። ኦጋዴን ላይ ሞተር ጠፍቶብኝ በግመሎች መካከል ባረፍሁ ጊዜ፣ ባለቤታቸው ግመሎቼን አስደነገጥህብኝ እያለ ሦስት ሰዓት ሲወቅሰኝ ቆሜ አዳምጬዋለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የደጃችን መንገድ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ተቆፍሮ በሳንቃ ላይ ተራምጄ ቤቴ ገብቻለሁ። ከባለቤቴ ከነፍስ ኄር ወለተማርያም ጋር በኖርሁባቸው አርባ አንድ ዓመታት ሬዲዮው የሚከፈትበትንም የሚዘጋበትንም ጊዜ የምትወስነው እርሷ ነበረች፤ ይህንንም ችያለሁ።

ይህን ሁሉ ያለ ሮሮ የተሸከምሁ ሰው ዛሬ ግን አቤት ለማለት ብዕሬን አንሥቻለሁ።

እንደምታውቂው አራት የበረራ መዝገቦች አሉኝ። በአዛዥነት የበረርሁት 4,316 ሰዓት ከ10 ደቂቃ በየቀኑና በየመስመሩ ሰፍሮባቸዋል። ሦስቱ ሞልተዋል። በአራተኛው መጨረሻ ላይ ግን ሰማንያ ሁለት ባዶ መስመሮች ቀርተዋል፤ እኔም ባዶ መስመር አልወድም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት በኅዳር ጽዮን፣ ቤተ ዘመድ ቤቴ በተሰበሰበበት፣ ከዘራችን መካከል በአዛዥነት መቶ ሰዓት አስቀድሞ የሞላ አብራሪ ያን መዝገብ ተረክቦ ይቀጥልበታል ብዬ ቃል ሰጠሁ። በዘራችን ውስጥ ያሉት አብራሪዎች ሁለት ናችሁ፤ አንቺና የእኅቴ ልጅ የአስመረት ልጅ ቢሩክ። ሁለታችሁም በግል ፈቃድ ትበርራላችሁ፣ ሁለታችሁም እዚያው ኮሎራዶ ናችሁ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው።

ባለፈው ሳምንት ሁለታችሁም የመዝገባችሁን ቅጂ ላካችሁልኝ። የአንቺ ዘጠና አንድ ሰዓት፣ የቢሩክም ዘጠና አንድ። ደስ ብሎኝ ቀኖቹን ማስተያየት ጀመርሁ። ነሐሴ 4 ቀን፣ አንድ አውሮፕላን፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። በአንቺ መዝገብ አዛዡ አንቺ ነሽ። በእርሱ መዝገብ አዛዡ እርሱ ነው። ነሐሴ 11 እንዲሁ። ነሐሴ 18 እንዲሁ። ልጄ፣ ይህ አውሮፕላን ነው ወይስ ሁለት አለቃ የተሾመበት ደብር? የቤተ ዘመዱን መዝገብ የማወርሰው ላዘዘ ሰው ነው፤ ካዘዘ ሰው ጎን ለተቀመጠ አይደለም።

ይህን ደብዳቤ ልጄ ሉላ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች። አንቺ ግን በሙሉ ዐረፍተ ነገር ጻፊልኝ፤ ከኦሎምፒያ መሥሪያ ቤቷ በትልልቅ ፊደል አትማ በፖስታ አሽጋ ታመጣልኛለች። ባለፈው ከስምሽ በታች የሰደድሽው ቢጫ ክብ ፊት ምን እንደሆነ አልገባኝም።

አዛዡ ማን ነበር? በአንድ ስም መልሺልኝ።

ዑቕባዝጊ ገብረሰንበት


ኦሮራ
መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለአቦይ ዑቕባዝጊ

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥዎ። ቢጫው ፊት ፈገግታ ነበር፤ ይቅርታ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም።

አቦይ፣ በአንድ ስም መመለስ አልቻልኩም፤ ግን ልዋሽዎት ፈልጌ አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው። ደመና ውስጥ መብረር ለመልመድ ውጭውን እንዳላይ ግንባሬ ላይ መከለያ አስራለሁ። የሚታየኝ ከፊቴ ያለው የመሣሪያ ሰሌዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ያለው ሌላ አብራሪ አጠገቤ ተቀምጦ ውጭውን ማየት ግዴታ ነው። ቢሩክ የሚያደርገው ይህንን ነው። ከመነሣታችን በፊት «የዛሬ አዛዥ አንተ ነህ» ብለን ከተስማማን ለበረራው ተጠያቂው እሱ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን በአዛዥነት ይመዘግባል። እኔ ደግሞ መሪውን ብቻዬን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ፣ የዚህ አገር ሕግ ያንኑ ሰዓት በአዛዥነት እንድመዘግብ ይፈቅድልኛል። በሳምንቱ መከለያውን እሱ ያስራል፣ እኔ ውጭውን አያለሁ። እዚህ መመዝገብ አንድ ነገር ነው፣ ማዘዝ ሌላ ነገር። ለእኔም ቶሎ አልገባኝም ነበር፤ ቢሩክማ አስተማሪያችንን ሦስት ጊዜ አስደግሟቸዋል።

ለበረራው የሚጠየቀው ግን ሁልጊዜም አንድ ሰው ነው። በነሐሴ 4 ቢሩክ ነበር፣ በነሐሴ 11 እኔ ነበርኩ፣ በ18 እንደገና ቢሩክ። ይህን በየመዝገባችን ጠርዝ ላይ ጽፈነዋል። ቅጂው ላይ ሳይወጣ ቀርቶ ይሆናል፣ ወይም ጽሑፉ ደቅቆብዎት።

ስለዚህ ነገር ካነሣን አይቀር፣ የዓይን ሐኪሙ ጋ ሄዱ ወይ? ሉላ ፊደሉን በየወሩ እያተለቀች እንደምታትም ነግራኛለች።

አባቴ ፍትዊ በየቀኑ እየደወለ «ሰዓት ጨምሪ» ይለኛል። ሰዓት ሱቅ የሚሸጥ ነው የሚመስለው። የቢሩክ እናትም ለልጇ እንዲሁ ትላለች። እኛ ሁለታችን አልተጣላንም፤ እንዲያውም አውሮፕላኑን የምንከራየው አብረን ነው።

የእርስዎ ሄርሞን


ጎሮ
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄርሞን

የተነሣሽበት ሜዳ ሳትመለሺ አይናፍቅሽ፤ ሜዳውም በሰላም ይቀበልሽ።

ስለ ዓይኔ የጠየቅሽው የሐኪም ጉዳይ ነው። ወደ በረራው እንመለስ።

ማብራሪያሽን በጥሞና አዳምጫለሁ። የአገሩ ሕግ ሁለት ሰው እንዲጽፍ ከፈቀደ ጻፉ፤ በሰው አገር ሕግ ላይ ብዕር አላነሣም። ነገር ግን ሞተር ሲቆም ሕጉ መጥቶ አጠገባችሁ አይቀመጥም። ያን ጊዜ «እኔ ነኝ» የሚል አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ ሁለት ከሆኑ ይከራከራሉ፣ ከሌለ ይወድቃሉ። እኔ የምጠይቀው ያን አንድ ሰው ነው።

እዚህ ያለውን ሁኔታ እንድታውቂው ያህል፣ የእናንተ ነገር የቤቴን ሰላም አውኮታል። ማክሰኞ አስመረት ከአዲግራት የመጣ ነጭ ማር ይዛልኝ መጣች፤ ስለ ማሩ ሁለት ደቂቃ፣ ስለ ቢሩክ ትጋት አንድ ሰዓት ተናገረች። ረቡዕ አባትሽ ፍትዊ ቦሌ ለሚ ከሚሠራበት ፋብሪካ በቀጥታ ብርድ ልብስ ተሸክሞ መጣ፤ በብርድ የሚሞት ሰው እንደሆንሁ ማን እንደ ነገረው አላውቅም። ሐሙስ ሁለቱም ደጄ ላይ ተገናኙ። «ግቢ እንጂ»፣ «ኧረ አንተ ቅደም»፣ «ታላቄ እያለ እንዴት ብዬ» ሲባባሉ ዝናቡ ወረደባቸው። በመስኮት ሆኜ ጠበቅሁ። ሉላ ወጥታ ሁለቱንም እጃቸውን ይዛ ባታስገባቸው እስከ ዛሬም እዚያው ነበሩ። የእኛ ዘር ክፉ አመል ይህ ነው፤ ቅድሚያ መስጠት እንጂ ቅድሚያ መውሰድ አያውቅበትም።

አሁን ትእዛዜን ስሚ። እስከ ዛሬ የጻፋችሁትን በምሕረት አልፌዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ግን አብራችሁ በበረራችሁ ቁጥር፣ ከመነሣታችሁ በፊት በወረቀት ላይ «የዛሬ አዛዥ እገሌ ነው» ብላችሁ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። ሰዓቱ ለእኔ መዝገብ የሚቆጠረው ስሙ ለተጻፈው ብቻ ነው። ወረቀቱን ላኩልኝ። ኅዳር 21 ቀን ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ የአንዳችሁን ስም እጠራለሁ።

ዑቕባዝጊ


ኦሮራ
ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቦይ

ባሉበት ሰላምዎ ይብዛ። በትእዛዝዎ መሠረት ስድስት የተፈረሙ ወረቀቶች ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ብቻችንን የበረርነውም ተደምሮ እኔም ቢሩክም ዛሬ ልክ ዘጠና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነን። አስልተን አይደለም፣ ያጋጠመ ነው። የፊታችን እሑድ ለሁለት ሰዓት ያህል አብረን እንበርራለን። በወረቀቱ ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው መቶውን ይሞላል፣ መዝገብዎም የእሱ ይሆናል ማለት ነው።

ወረቀቱን ሰኞ እልክልዎታለሁ። ስለ ዓይንዎ አልመለሱልኝም።

ሄርሞን


ጎሮ
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሄርሞን ፍትዊ

እግዚአብሔር በሕይወት ያቆይሽ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም።

እሑድ አለፈ። ሰኞ አለፈ። ከእሑድ ወዲህ ዐሥራ ሁለት ቀን ሆነ፤ ወረቀት የለም። አስመረት ማር ማምጣቷን አቁማለች። አባትሽ ስደውልለት ስብሰባ ላይ ነኝ ይላል፤ እሑድም ቅዳሜም ስብሰባ ላይ ነው። ሉላን ስጠይቃት ወጥ እንዳያርርባት ትነሣለች፤ ወጡ የሚያርረው እኔ ስጠይቅ ብቻ ነው።

ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ከቦሌ የሚነሡትን አውሮፕላኖች በድምፃቸው እቆጥራለሁ። በእኛ ጊዜ የዘገየ ሰው ማለት አንድም የወረደ፣ አንድም የወደቀ ነበር። ሦስተኛ ዓይነት አላውቅም። ደኅና ከሆናችሁ በአንድ መስመር ጻፊልኝ። ደኅና ካልሆናችሁም ደብቁት ብዬ አላዘዝሁም።

የመዝገቡ ነገር ይቆይ። መጀመሪያ ሁለታችሁም እንዳላችሁ ልወቅ።

ዑቕባዝጊ


ኦሮራ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቦይ ዑቕባዝጊ

አምላክ ስለ እኛ ከተጨነቁበት ቀን ሁሉ ዕጥፍ የደስታ ቀን ይስጥዎ። ሁለታችንም ደኅና ነን። ጥፍራችን እንኳ አልተነካም። የዘገየሁት አፍሬ ነው። ሉላም ዝም ያለችው እኔ ለምኛት ስለሆነ አይቆጧት።

ያን እሑድ ጠዋት ወረቀቱን ክንፉ ላይ ዘርግቼ የቢሩክን ስም ልጽፍ ስል እጄን ያዘኝ።

«አንቺ ሁኚ» አለኝ።

«ኧረ አንተ ሁን። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለህ።»

«በዕድሜ ነው እንዴ የሚበረረው? ፈቃድ ቀድመሽ ያወጣሽው አንቺ ነሽ።»

«እናትህ ማር ተሸክማ ጎሮ ድረስ ሄዳለች፣ ቢሩክ።»

«አባትሽስ ብርድ ልብስ አልተሸከመም?»

«በሞቴ።»

«እኔ ልሙት።»

እንዲህ እያልን ሃያ ደቂቃ ሄደ። ከእኛ ቀጥሎ አውሮፕላኑን የተከራየው ሰው እንዳይዘገይበት ብለን ወረቀቱን ባዶውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩትና ተነሣን። እኔ በልቤ «አዛዡ እሱ ነው፣ ስንወርድ ስሙን እጽፋለሁ» አልኩ። እሱም በልቡ ለእኔ እንደዚያው ብሎ ኖሯል። ለካ ሁለታችንም መዝገብዎን አንዳችን ለሌላው ልንሰጥ ነው የተነሣነው።

መከለያውን ያሰረው ቢሩክ ነበር፤ መሪውን ይዟል። እኔ ውጭውን አያለሁ። በዚህ አውሮፕላን ነዳጁ በግራና በቀኝ ክንፍ ውስጥ ነው። አንዱ ሳያልቅ ወደ ሌላው በእጅ ማዞር ያስፈልጋል። ሰዓት እያየ ይህንን የሚያደርገው ወይም የሚያስደርገው አዛዡ ነው። እኔ አዛዡ ያስብበታል ብዬ ተራራ አያለሁ። እሱም አዛዧ ታስብበታለች ብሎ መሣሪያውን ያያል። ከተነሣን በአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሞተሩ ሳል ብጤ አለና ዝም አለ።

ቢሩክ መከለያውን ወደ ላይ ገፍቶ አየኝ።

«እዘዢ» አለኝ።

«አዛዡ አንተ አይደለህ?»

«እኔ? እኔ አንቺን ነው የማውቀው።»

አቦይ፣ ዐሥራ አንድ ሰከንድ ያ አውሮፕላን አዛዥ አልነበረውም። ከዚያ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ እጃችንን ወደ ነዳጁ ማዞሪያ ሰደድን። የእሱ እጅ ላይ የእኔ፣ የእኔ ላይ የእሱ። ያን ጊዜ እጁን በጥፊ መትቼ አነሣሁትና ማዞሪያውን ወደ ቀኝ አዞርኩት። ሞተሩ ተነሣ። «መሪውን ልቀቅ» አልኩት፣ ለቀቀ። ከዐሥራ አራት ደቂቃ በኋላ በአቅራቢያችን ያለ አንድ ትንሽ ሜዳ ላይ አሳረፍኩት። እዚያ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ መጥተው «አዛዡ ማነው?» ብለው ሲጠይቁን፣ ሁለታችንም ጣታችንን አንዳችን ወደ ሌላው ቀሰርን። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

ሰዓቱን ማናችንም አልመዘገብነውም። መሪውን የያዘው ቢሩክ ስለነበር ሕጉ እንዲጽፈው ይፈቅድለት ነበር፤ እምቢ አለ። ሁለታችንም ዘጠና ዘጠኝ ላይ ቆመናል። ወረቀቱን እንደ ቃሌ ልኬዋለሁ። ሉላ ባዶ ገጽ ብትሰጥዎ ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም።

መዝገብዎን ለሁለታችንም አይስጡ። እንዲህ ያለ በረራ ላደረገ ሰው እዚያ መዝገብ ላይ መጻፍ አይገባውም። ይህን ቢሩክም ይስማማበታል፤ ደብዳቤውን አብረን ነው ያነበብነው።

ያሳፈረችዎ ልጅዎ
ሄርሞን


ጎሮ
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄርሞን፣ ይህን አብሮሽ ለሚያነበው ለልጄ ለቢሩክም ጭምር

ሁለታችሁንም በአንድ ሜዳ ያሳረፈ አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

ደብዳቤሽን ሉላ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። ፊደሉ ከዚህ በላይ አይተልቅም፤ በአንድ ገጽ ላይ ሰባት ቃል ደርሷል። ይኸው ነገርሁሽ። ሐኪሙ ጋ ሄጃለሁ። የግራው ዓይኔ በጥር ወር ይቀደዳል፤ ቀኙ ጊዜው አልፏል ብሎኛል። መዝገቡን ለማስረከብ የቸኰልሁትም ስለዚህ ነው፤ በገዛ እጄ የጻፍሁትን መስመር ማየት ካቆምሁ ስድስት ወር አለፈኝ፤ የመዝገባችሁንም ቅጂ ያነበበችልኝ ሉላ ናት።

የመጀመሪያ አሳቤ አራት ገጽ ተግሣጽ መጻፍ ነበር። እንዲያውም ሁለት ገጽ ለሉላ አስጽፌ ነበር። አዛዥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ ላሳያችሁ ብዬ ሁለተኛውን መዝገቤን አምጥታ የ1968 ዓ.ም.ን መጋቢት ወር እንድታነብልኝ አዘዝኋት። «መጋቢት 11፣ ከጎዴ ድሬዳዋ፣ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ። አዛዥ ዑቕባዝጊ ገብረሰንበት፣ ረዳት ሱሌማን» ብላ አነበበች። እዚያ ላይ በቃ አልኋት። ምነው አለችኝ። ምንም አልኋት። እኔም እንደ እርሷ ወጥ ቢኖረኝ በተነሣሁ ነበር።

ያን ዕለት ወባ ይዞኝ ነበር። ከመነሣታችን በፊት ሱሌማንን «አንተ እዘዝ» ብዬው፣ ከኋላ የፖስታ ከረጢቶች ላይ ተኝቼ ስንቀጠቀጥ ድሬዳዋ ደረስሁ። መሪውን አልነካሁም፤ መሪው የት እንዳለም አላውቅም ነበር። ነገር ግን እኔና ሱሌማን ሺህ ሰዓት ማን ቀድሞ ይሞላል እየተባባልን የምንሽቀዳደምበት ወር ነበር። ማታ ትኩሳቱ ሲተወኝ መዝገቤን አውጥቼ በራሴ ስም ጻፍሁት። በዚያ ምክንያት ቀድሜ ሞላሁ፣ ተደገሰልኝም። አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ለማንም አልተናገርሁም፤ ለወለተማርያምም ቢሆን።

ሱሌማን ረቡዕ ረቡዕ ኦሎምፒያ አንድ ሻይ ቤት ይቀመጣል። ትናንት ሉላ ይዛኝ ሄደች። ሳልቀመጥ፣ በቆምሁበት፣ የመጋቢት 11ን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርሁት። ስኳሩን አማስሎ ጨረሰ።

«አውቃለሁ» አለኝ በመጨረሻ። «እኔም መዝገቤ ላይ አዛዥ ብዬ የጻፍሁት ራሴን ነው።»

«ታዲያ አንተም ያን ቀን ሺህ ሞልተህ ነበር ማለት ነው?»

«ከአንተ በአንድ ሰዓት እቀድም ነበር። በጉ ስለ ታረደ ዝም አልሁ።»

«ስንት ዓመት ሙሉ ካፒቴን እያልህ ስትጠራኝ?»

«ደስ ሲልህ አይቼ ነዋ። አሁን ተቀመጥ፣ አንገቴን አሳመምኸኝ።»

ተቀመጥሁ። ምን ያህል እንደ ሳቅን አልነግርሽም፤ ሉላ አፍራ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ሄዳ እንደ ተቀመጠች ግን እነግርሻለሁ። እንግዲህ በመስከረም ወር ስለ ሁለት አለቃ የጻፍሁልሽን ወቀሳ እዚህ ላይ መልሼ ወስጃለሁ። ዛሬ ጠዋት ሉላ ጣቴን የመጋቢት 11 መስመር ላይ አድርጋልኝ በቀይ ቀለም ሰርዤዋለሁ። ድምሬ 4,314 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሆኗል።

አሁን ወደ እናንተ እመለሳለሁ። በዐሥራ አንዱ ሰከንድ ውስጥ ያ አውሮፕላን አዛዥ አልነበረውም ብለሻል፤ እውነት ነው፣ ሁለታችሁም ለዚያ ተጠያቂዎች ናችሁ። በዐሥራ ሁለተኛው ሰከንድ ግን ነበረው። ማንም አልሾማትም፣ ማንም «በሞቴ» አላላትም፤ የታላቋን እጅ በጥፊ መትታ ነዳጁን አዞረች፣ መሪውን ልቀቅ አለች፣ አሳረፈች። በዘራችን ውስጥ ቅድሚያ ስትወስድ የሰማኋት የመጀመሪያዋ ሰው አንቺ ነሽ። ቢሩክም ልቀቅ ሲባል ለቀቀ፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም፣ በአርባ ዓመት ውስጥ እንዲህ የሚለቅ ሰው ብዙ አላየሁም። ያላዘዘበትን ሰዓት አልጽፍም ማለቱ ደግሞ እኔ በእርሱ ዕድሜ ያላደረግሁት ነው።

መቶ ሰዓት ያልሁትን አንሥቻለሁ፤ ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ የማነሣውም እኔ ነኝ። አስመረትና ፍትዊ ቅር ቢላቸው ማሩ ተበልቷል፣ ብርድ ልብሱንም ለብሼዋለሁ፤ የሚመለስ ነገር የለም።

የሚከተለውን ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ሉላ በቤተ ዘመድ ፊት ታነበዋለች። ሦስቱን የሞሉ መዝገቦች፣ መጋቢት 11 ላይ ቀይ መስመር ያለበትን ጨምሮ፣ ለአስመረት ልጅ ለቢሩክ ሰጥቻለሁ። አራተኛውን መዝገብ ከሰማንያ ሁለት ባዶ መስመሮቹ ጋር ለሄርሞን ፍትዊ ሰጥቻለሁ፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ ያን ዐሥራ አራት ደቂቃ በአዛዥነት ትጽፋለች።

ዑቕባዝጊ ገብረሰንበት